ገዢው ደራሲው ራሱ ሲሆን

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደሴ ፒያሳ ላይ ቡና ጋብዞኝ ከቦርሳው ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣ። «ጋሼ፣ መጽሐፌን ሊያሳትሙልኝ ነው» አለኝ። ኮምቦልቻ የሚያስተምር የታሪክ መምህር ነው፤ አምስት ዓመት የለፋበት ልብ ወለድ አለው። ወረቀቱን የላከለት ስም ያለው የአዲስ አበባ አሳታሚ ነው፤ አርማውን ሽፋኑ ላይ ካየን ውስጡን ሳንገልጥ እንገዛለት የነበረ። ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቡናው አልወርድ አለኝ።

አሳታሚው 1,000 ቅጂ ለማውጣት 340,000 ብር ከደራሲው ይጠይቃል። ደራሲው 50 ቅጂ «በነጻ» ይሰጠዋል፤ ከቀሪው ሽያጭ ደግሞ 20 በመቶ ይታሰብለታል። የመጽሐፉ ዋጋ 500 ብር ነው። ሶፍት ላይ አሰላነው። 950ው አንድም ሳይቀር ቢሸጥ የልጁ ድርሻ 95,000 ብር። ሃምሳዎቹን እሱ ራሱ በሙሉ ዋጋ ቢሸጥ 25,000 ይጨመርበታል። መጽሐፉ ተሸጦ ባለቀበት ቀን፣ ደራሲ ሁሉ በሚመኘው በዚያ ቀን፣ 220,000 ብር ከስሯል ማለት ነው። ያንኑ ረቂቅ ማተሚያ ቤት ወስዶ አስገምቶት ነበር፤ 210,000 ብሎታል። አከፋፋይ 40 በመቶ ቢወስድበት እንኳ ሁሉም ከተሸጠ 90,000 ይተርፈዋል፤ ከዚያ ላይ አርታኢውንና ሽፋን ሠሪውን ይከፍላል።

ከኪስ ማሳተም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጪውን ችሎ ያሳትም ነበር፤ ሳንሱሩም አብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙው ደራሲ ደመወዙን ቆጥቦ፣ ዘመድ አስቸግሮ፣ ስፖንሰር ለምኖ ነው መጽሐፍ ያወጣው። እኔም በ2004 ዓ.ም. እንደዚያው አድርጌያለሁ። የአጭር ልብ ወለድ መድበሌ ከአዲስ አበባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ዝናብ አገኘው፤ ካርቶኑን ስፈታ የላይኞቹ ሽፋኖች እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። የቀሩት አልጋዬ ሥር ገቡ። የጦሳ ተራራ ጉም ገጾቹን አጥብቦ አስፍቶ አሁን እንደ ጎመን ተንጨፋርረዋል። ሸዋ በር መጽሐፍ የሚሸጥ ወዳጄ «አብሽር፣ ይሸጣል» እያለ በየዓመቱ አምስት አምስት ይወስድልኛል። ከስሬያለሁ፤ ግን መጽሐፎቹም መብቱም የእኔው ናቸው፤ ማተሚያ ቤቱም ደራሲ አደርግሃለሁ ብሎ አልሸነገለኝም።

ለልጁ የቀረበለት ግን የአሳታሚው ስም ነው። ይህ ንግድ በውጭ አገር ቀድሞ ታይቷል። ሃርለኩዊን የተባለው የፍቅር ልብ ወለድ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ደራሲው እየከፈለ የሚያሳትምበትን ክፍል ሲከፍት፣ ረቂቃቸው ውድቅ የተደረገባቸውን ጸሐፊዎች ወደዚያው ሊመራቸው አስቦ ነበር። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ይሰጠው የነበረውን ዕውቅና ሲያነሳበት ስሙን ከክፍሉ ላይ ፋቀ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታዋቂው አሳታሚ የፔንግዊን የያኔ ባለቤት የነበረው ፒርሰን፣ ኦተር ሶሉሽንስ የተባለውን ከደራሲ ክፍያ የሚኖር ኩባንያ በ116 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው ዓመት ትልቁ የአሜሪካ አሳታሚ ሳይመን ኤንድ ሹስተር «አርችዌይ» የሚል ክፍል ከፈተ፤ ክፍያው ከ1,599 እስከ 24,999 ዶላር ይደርስ ነበር። ሥራውን የሚሠራው ግን ያው ኦተር ሶሉሽንስ ነበር። ደራሲው የታላቁን ቤት ጥላ ከፍሎ አገኘ፤ አርታኢዎቹንና ሻጮቹን አላገኘም።

የነገሩ ሥር ቀላል ነው። በገንዘቡ ያሳተመ አሳታሚ መጽሐፉ ካልተሸጠ ይከስራል፤ ስለዚህ ደካማውን ምዕራፍ «አውጣው» ይላል፣ አከፋፋዩን ይጨቀጭቃል፣ ሽፋኑን ሦስት ጊዜ ያስቀይራል። ትርፉን ከደራሲው አስቀድሞ የተቀበለ ግን ለምን ይለፋ? ረቂቁ መጥፎ ቢሆንም «ድንቅ ነው» ማለት ያዋጣዋል። ልጁ የላከው 380 ገጽ ነው፤ አንድ መስመር ላይ እንኳ የእርማት ምልክት አላገኘሁም። እኔ ባነበብኳቸው የመጀመሪያ ሃያ ገጾች ብቻ የጀግናው እናት ስም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

ውሉ ደግሞ ከገንዘቡ ይብሳል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ወረቀቱ ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር «ሙሉ የማሳተም መብት ለአሳታሚው ተላልፏል» ተብሏል፤ ለስንት ዓመት፣ ለስንት እትም፣ ለድምፅ መጽሐፍ ይሁን ለትርጉም፣ የለም። ገንዘቡን ከፍሎ መጽሐፉንም አስረከበ ማለት ነው።

የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ በማይታወቅ ደራሲ ላይ ገንዘብ አላወጣም የሚል አሳታሚን አልወቅስም። እንዲያ ከሆነ «አገልግሎት እሸጣለሁ» ይበል፣ የአርታኢውንና የኅትመቱን ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ፣ መብቱን አይንካ፣ መርጦ ያሳተመውንና ተከፍሎት ያሳተመውን በአንድ አርማ አያውጣ። እኔ አንባቢው አርማውን አምኜ ነው ብሬን የማወጣው።

ልጁን አትፈርም አላልኩትም፤ የአምስት ዓመት ድካም ነው፣ ልቡም ሸፍቷል። ደውሎ መጽሐፉ በደሴና በኮምቦልቻ በየትኞቹ መደብሮች እንደሚገኝ እንዲጠይቅ ብቻ መከርኩት። ትናንት መልሱን ነገረኝ፤ ዛሬውኑ ከፈረመ የምረቃውን ባነር በነጻ ይጨምሩለታል።