እናቴ ካርጋ ናት ወይስ ካርጎ?

ይሄን ስፓኒሽ ግን ምን በደልኩት? ማድሪድ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ሽንኩርት ተከራክሬ እገዛለሁ፣ ከአውቶቡስ ሾፌር ጋር እጨቃጨቃለሁ። ችግርና ኃላፊነት ውስጥ ስገባ ግን አፌ ይተሳሰራል።

እናቴን ለማምጣት ማመልከቻ ጀምሬ ነበር። እዚህ አገር ወላጅ ለማምጣት 65 ዓመት ማለፋቸው ብቻ አይበቃም። "አ ካርጎ" መሆናቸውን፣ ማለትም የምትጦራቸው አንተ መሆንህን ማስረዳት አለብህ። ብር የላክሁበትን ደረሰኝ ሁሉ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ስለ እናቴ ስትጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ "እናቴ ካርጋ አይደለችም!" አልኳት። ሸክም አይደለችም ማለቴ ነው። የትኛው የሐበሻ ልጅ ነው እናቴ ሸክሜ ናት ብሎ የሚፈርመው? ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ታዲያ አ ካርጎ አይደሉማ?" ያ ሁሉ ደረሰኝ በአንዲት ፊደል ገደል ሊገባ!

ካርጋ ሸክም ነው። ካርጎ ደግሞ ሹመት። ፍርድ ቤት ከቆምክ ክሱም ካርጎ ነው። ባንክ ከሂሳብህ ሲቆርጥም ካርጎ! መጀመሪያ ሰሞን ስልኬ ላይ "አዲስ ካርጎ" የሚል መልእክት ሲገባ፣ ያው የቦሌውን ካርጎ ነው የማውቀው፣ ከቤት በርበሬ የተላከልኝ መስሎኝ ፈነደቅኩ። 32 ዩሮ ተቆርጦብኝ ነው ለካ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ኢኳዶራዊ ነው። ቀኑን ሙሉ "አፑራቴ!" ይለኛል፤ ቶሎ በል ነው። እኔም ተማርኩ ብዬ አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ ያገኘሁትን አከራዬን "ኤን አፑሮስ ነኝ" ብዬው ሮጥኩ። ቸኩያለሁ ማለቴ ነበር። ማድሪድ ላይ ግን ቸግሮኛል፣ እጅ አጥሮኛል ማለት ነው! ማታ ደወለ። የዚህን ወር ኪራይ ትከፍላለህ ወይ ብሎ።

የምግባባው "ዴቦ" ከሚሉት ቃል ጋር ብቻ ነው። መሄድ አለብኝ፣ ዴቦ። ብር አለብኝ፣ ዴቦ። ልክ እንደኛው! (እኛማ ጨጓራውንም አለብኝ ነው የምንለው።)

ሰኞ ተመልሼ ሄጄ ፎርሙን አስተካከልኩ። ማታ እናቴ ደወለች።

"ሸክም ሆንኩብህ አይደል ልጄ?"

"ኧረ እማዬ! የምን ሸክም!" አልኳት። የፎርሙን ነገር አላነሳሁባትም።