እኛ ዘንድ ሰኔ በጋ አይደለም

እናቴ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ሉማሜ ነው። እሑድ ከሰዓት ቡና ታፈላና ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ 9 ሰዓትን ትጠብቃለች። በ9 ሰዓት ወንድሜ ከዋሽንግተን ይደውላል። እዚያ ገና ጠዋት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 8 ሰዓት። ድምጿን ሰምቶ ወደ ሥራው ይወጣል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ግን በየዓመቱ አንድ እሑድ ስልኩ ዝም ይላል። እናቴ መጀመሪያ ባትሪውን ታያለች። ቀጥሎ ኔትወርኩን። ከዚያ የጎረቤት ልጅ ትጠራና "እስቲ ደውልልኝ፣ ይሠራ እንደሆን" ትለዋለች። ይሠራል። በረካው ይጠጣል፣ ረከቦቱ ይነሳል፣ ከሰሉ አመድ ይለብሳል። "ልጄን ምን አግኝቶት ነው?" እያለች ትንቆራጠጣለች። 10 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ይጮሃል።

"ኧረ እማ፣ አልዘገየሁም! እዚህ ሰዓት ተቀይሮ ነው።"

"ሰዓት ደግሞ ምኑ ይቀየራል? ፀሐይዋ እንደሆን እዚያው ናት" ትለዋለች።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ ደብረ ማርቆስ ቤተ ዘመድ ተሰብስበን ሳለ ከጀርመን የመጣ የአክስቴ ልጅ አንድ ሐሳብ አቀረበ። እኛም እንደ አውሮፓ ሰዓታችንን በዓመት ሁለቴ ብንቀይር መብራት እንቆጥባለን፣ ማታም ተጨማሪ ብርሃን እናገኛለን አለ። ብዙዎቹ ትክክል ነው አሉት። እኔ አልተስማማሁም። እዚያ ሆኜ በደንብ ያላስረዳሁትን እዚህ ልጻፈው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጋቢት ላይ ሰዓቱን በ1 ሰዓት ወደፊት ይገፉታል፤ ጥቅምት ላይ ይመልሱታል። በ1895 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሐሳቡን ካነሱት አንዱ ጆርጅ ሃድሰን የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ነበር። ነፍሳት ይሰበስብ ስለነበር ከሥራ በኋላ ብርሃን ፈለገ። በ1907 ደግሞ ዊልያም ዊሌት የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ ጉዳዩን በጽሑፍ አሳትሞ ብዙ ተከራከረለት። ሁለቱንም የሰማቸው መንግሥት አልነበረም። የሰማቸው ጦርነት ነው። በ1916 ጀርመን የድንጋይ ከሰል ለመቆጠብ ሰዓቷን ገፋች፤ ሳምንታት ሳይቆዩ እንግሊዝም ተከተለቻት።

ለእነሱ ነገሩ ትርጉም አለው፤ ይህን አልክድም። ሰኔ ላይ በርሊን ውስጥ ቀኑ 17 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሰዓቱን ባይገፉት ኖሮ በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነበር። ሰው ሁሉ ተኝቶ ብርሃኑ በከንቱ ያልፋል። ያንን ብርሃን ከሌሊት ወስዶ ወደ ማታ ማምጣት ብልህነት ነው።

ወደ ጎጃም እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቀኑ ረዘመ ቢባል 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አጠረ ቢባል 11 ሰዓት ተኩል። በቃ። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በጠዋቱ 12 እና 1 ሰዓት መካከል ነው፤ የምትጠልቀውም በምሽቱ 12 እና 1 ሰዓት መካከል። ተኝተን የሚያልፈን ብርሃን የለም። ጎህ ሲቀድ እኮ የጎጃም ገበሬ በሬውን ይዞ ወጥቷል።

እንዲያውም ሳናውቀው ትንሽ ተገፍተናል። የአገራችን ሰዓት የተሰላው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው። ይህ መስመር ከእኛ በጣም ርቆ በሶማሌ ክልል በኩል ያልፋል። እኛ ወደ ምዕራብ ስለሆንን ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ደግሞ ከጨመርንበት ቀትር 7 ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን የወቅቱ ነገር ነው። እነሱ "የበጋ ሰዓት" የሚሉት ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን ይዞ ነው። እኛ ዘንድ እኮ ይህ ክረምት ነው! የሰኔን ከሰዓት የጎጃም ሰው ያውቀዋል። ጠዋቱ ብራ ይሆናል። ከቀትር በኋላ በጮቄ በኩል ይጠቁራል፣ ነጎድጓዱ ይጀምራል፣ ከዚያ ዝናቡ ይወርዳል፣ አንዳንዴም በረዶው። 11 ሰዓት ላይ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ነው። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ገበሬው ዋናውን ሥራ በጠዋት የሚጨርሰው ለዚህ ነው። ታዲያ ማታ ላይ 1 ሰዓት ጨመራችሁልን ብንባል ምን እናደርግበታለን? የተጨመረልን ዝናብ ነው።

ዓመቱን ሙሉ እንግፋው የሚልም አይጠፋም። አሜሪካ በጥር 1974 ሞክራዋለች። ልጆች በጨለማ ትምህርት ቤት መሄድ ሲጀምሩ ወላጆች ተቆጡ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሕጉ ተነሳ። እኛ ጋ ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰዓቱ ቢገፋ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። 2 ሰዓት ክፍል ለመግባት ከገጠር በእግሩ የሚመጣ ልጅ በስንት ሰዓት ከቤት ሊወጣ ነው? ጅቡስ ሰዓት መቀየሩን ማን ይነግረዋል?

መብራት ይቆጥባል የሚለውም ቢሆን አጠራጣሪ ነው። በ2006 የአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት በሙሉ ሰዓት መቀየር ስትጀምር ተመራማሪዎች የመብራት ፍጆታውን አዩት። የቤቶች ፍጆታ ቀነሰ ሲባል ወደ 1 በመቶ ገደማ ጨመረ። ጤናም አለ። በ2008 የወጣ የስዊድን ጥናት ሰዓቱ ወደፊት በተገፋበት ሳምንት ድንገተኛ የልብ ሕመም በ5 በመቶ ገደማ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ሜክሲኮ በ2022 ትታዋለች። የአውሮፓ ፓርላማ ይቅር ብሎ ድምፅ የሰጠው በ2019 ነው፤ አገሮቹ ስላልተስማሙ እስካሁን አልተፈጸመም። ግብፅ በበኩሏ ትታው ቆይታ በ2023 መልሳዋለች።

ሌላም ነገር አለ፤ ሰዓታችን ራሱ። እኛ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12፣ ትንሽ ከፍ ስትል 1። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 9ን ከፀሐይዋ ለይቶ አያየውም። መንግሥት ሰዓቱን ቢገፋ ቤተ ክህነት አብራ የምትገፋ አይመስለኝም። አሁንም እኮ የፈረንጅ ሰዓትና የሐበሻ ሰዓት እየተምታታበት አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ስንት ነው። ሦስተኛ እንጨምር?

የአክስቴ ልጅ የተናገረው አንድ ነገር ግን እውነት አለው። የማታ ብርሃን ዋጋ አለው። ከገበያ የምትመለስ ሴት፣ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ፣ ሳይመሽ ቤታቸው መግባት ይፈልጋሉ። አሁን ባለንበት ሁኔታ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ የምለው ሰዓቱን ትተን የሥራ መግቢያውን እንየው ነው።

አንድ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ወረዳ ሄጄ ደጅ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ አንድ አባት ነበሩ። ጋቢያቸው ጠርዙ ረጥቧል፣ ባዶ እግራቸው ላይ ጭቃው ደርቋል። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተቀመጡ ጠየቅኋቸው። "ከ1 ሰዓት" አሉኝ። ቢሮው የሚከፈተው 2 ሰዓት ተኩል ነው። በሰኔ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከወጣች 2 ሰዓት አልፏታል። ጉዳያቸው ያለቀው ከምሳ በኋላ ነው። ሲወጡ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ወንዙ ሳይሞላ ለመድረስ እየሮጡ ሄዱ።

በክረምት ቢሮዎች 1 ሰዓት ተኩል ቢከፈቱና በዚያው ልክ ቀደም ብለው ቢዘጉ እኚህ አባት ዝናቡን ይቀድሙት ነበር። አዲስ ነገርም አይደለም። በአገራችን ሞቃት አካባቢዎች ሠራተኛው በማለዳ ገብቶ እኩለ ቀን ላይ ረጅም እረፍት ይወስዳል፤ ሙቀቱ ሲበርድ ይመለሳል። ለሙቀት ከተቻለ ለዝናብ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ክልሉና ወረዳዎቹ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ይሞክሩት። ሕዝቡ ካልወደደው መስከረም ላይ ይመለሳል።

ወንድሜን በዚህ ነገር አናግሬው ነበር። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ለእናቴ ምንም አልነገርናትም። እሱ በእነሱ 7 ሰዓት ላይ፣ ከእንቅልፉ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ተነስቶ ደወለ። ሉማሜ 9 ሰዓት ነበር። ቶናው ገና እየተቀዳ ነበር።