እርማት፦ ወፍራም ሁሉ ከባድ አይደለም

«ዘይት ከውሃ ስለሚወፍር ይከብዳል» ላልከው ወንድሜ፣ ይቺን ላርም። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግ። ቢጫዋ ክብ ከላይ ተንሳፋ ትቀራለች። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ የምግብ ዘይት 920 ግራም አካባቢ ነው።

ግራ የሚያጋባን ቃሉ ራሱ ይመስለኛል። ወፍራም ጣውላ ስንል ከአንዱ ገጽ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ማለታችን ነው፤ በሚሊሜትር ይለካል። ወፍራም ወጥ ስንል ግን ቶሎ አለመፍሰሱን ነው። ወፍራም ድምፅም አለ፤ እሱማ ጭራሽ ሌላ ነው። ዘይት የሚወፍረው እንደ ወጡ ነው፤ ቀስ ብሎ ይፈሳል እንጂ ክብደቱን አይነግርህም። ማር ግን ሁለቱንም ነው፤ ይወፍራል፣ ይከብዳልም። ሊትሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።