ማስተካከያ፦ ስለ ሕንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት

ሰበታ መግቢያ ካለው ቪዲዮ ቤት በር ላይ፣ ከፕሪሚየር ሊግ ፕሮግራሙ ጎን በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «የሕንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት የጀመረው ፊልምፌር መጽሔት ነው፤ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ተዋናይት ናርጊስ በማዘር ኢንዲያ» ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ሽልማቶች ተምታተዋል።

ፊልምፌር የግል መጽሔት ሽልማት ነው፤ ብሔራዊው ግን የመንግሥት ነው። ሁለቱም በ1954 እ.ኤ.አ. ስለጀመሩ ቢምታቱ አይገርምም። ናርጊስ በ«ማዘር ኢንዲያ» የወሰደችው የፊልምፌርን ነው። ብሔራዊው መጀመሪያ ላይ ፊልሞችን እንጂ ተዋንያንን አይሸልምም ነበር። የተዋንያኑ ዘርፍ የተጨመረው ለ1967 ፊልሞች ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ምርጥ ተዋናይት ያቺው ናርጊስ ሆነች፤ በ«ራት ኦር ዲን»። ጸሐፊው ሴትዮዋን አልሳታትም፣ ፊልሙን ነው የሳተው።

እግረ መንገዴን፦ የሕንድ ፊልም ሲባል ሂንዲ ብቻ ለሚመስለን ሁሉ፣ የመጀመሪያው ብሔራዊ ምርጥ ፊልም «ሽያምቺ አይ» በማራቲ ቋንቋ የተሠራ ነው። በሦስተኛው ዙር ደግሞ የሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ» አሸነፈ፤ እሱም ቤንጋሊ ነው። ለዕድሜ ልክ አስተዋጽኦ የሚሰጠው የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት በ1969 ሲቋቋም፣ ቀድማ የተቀበለችው ተዋናይት ዴቪካ ራኒ ናት።