አልማዙን ሰርዞ ክሮም ያስገባ ጨረታ

ሰሞኑን አንድ የክር ፋብሪካ ለኦፕን ኤንድ ማሽኖቹ (ቃጫን በሚሽከረከር ሮተር ውስጥ ለሚፈትሉት) ያወጣውን የመለዋወጫ ጨረታ ሰርዞ በድጋሚ አውጥቶታል። በመጀመሪያው ሰነድ ሮተሮቹ (ቃጫውን በፍጥነት እየዞሩ ክር የሚያደርጉት ኩባያ መሰል ክፍሎች) እና ኦፕኒንግ ሮለሮቹ (በጥርሳቸው ቃጫውን የሚለያዩት) የኒኬልና የአልማዝ ልባጥ እንዲኖራቸው ተጠይቆ ነበር። በሁለተኛው ያ መስመር ጠፍቶ «ሃርድ ክሮም ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ገብቷል። የተሰጠው ምክንያት ደግሞ ከውሳኔው የባሰ ነው፦ ጥጥ ለስላሳ ስለሆነ ጥጥ የሚነካውን ዕቃ በአልማዝ ማስለበጥ በውጭ ምንዛሪ መቀለድ ነው ተባለ።

ጥጥ ለስላሳ ነው ያለው ሰው ያገለገለ የኦፕኒንግ ሮለር ጥርስ በማጉያ መነጽር አይቶ አያውቅም። ብረቱን የሚበላው በዋናነት ቃጫው ሳይሆን ከማሳ፣ ከመዳመጫና ከመጋዘን ይዞት የሚመጣው አቧራ ነው። አቧራው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በቪከርስ (በጥንካሬ መለኪያ) ሲለካ 1,100 አካባቢ ይደርሳል፤ በሙቀት የጠነከረ ብረት ግን ከ700 እስከ 800 ነው። የትኛው የትኛውን እንደሚፍቅ ለመናገር ኮሚቴ አያስፈልግም። ፖሊስተር ሲቀላቀልበት ደግሞ ቃጫው እንዳያብለጨልጭ የሚጨመረው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አብሮ ይመጣል።

ፍጥነቱ ላይ ስንመጣ፣ 65 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኦፕኒንግ ሮለር በደቂቃ 8,000 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሰከንድ 27 ሜትር ይሄዳል። 36 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሮተር በደቂቃ 100,000 ጊዜ ሲዞር የግድግዳው ፍጥነት በሰከንድ 188 ሜትር ነው፤ ቃጫውና አቧራው የክብደታቸውን 200,000 እጥፍ በሚሆን ኃይል ግድግዳው ላይ ይጫናሉ። በዚህ ኃይል፣ በቀን ሦስት ፈረቃ፣ ለስላሳ የሚባል ነገር የለም።

የተበላ ዕቃ የሚያደርሰውን ጉዳት ደግሞ ግዥ ክፍል አያየውም። የሮለሩ ጥርስ የፊት ጠርዙ ሲደነዝዝ ቃጫውን አንድ በአንድ መለየት ያቅተውና ጥቅጥቁን ይለቀዋል፤ ጎኑ ሲቧጨር ደግሞ ቃጫውን ይቆርጣል። የሮተሩ ቦይ (ቃጫው የሚሰበሰብበት ጠባብ ጎድጓዳ) ሲበላ ቅርጹ ይበላሻል፣ አቧራ ይቋጥራል፣ ክሩም በየ11 ሴንቲሜትሩ፣ ማለትም በሮተሩ ዙሪያ ልክ፣ ወፍራምና ቀጭን እየሆነ ይወጣል። ይህ በጨርቁ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ ሆኖ ይታያል። ማሽኑ ላይ ካሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሮተሮች ጥቂቶቹ ብቻ ተበልተው ቢሆን እንኳ የእነሱ ክር ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ሽመና ቤት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማን አበላሸው ብሎ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

«ክሮምም እኮ ጠንካራ ነው» ይሉናል። ጥንካሬው ከ900 እስከ 1,000 ቪከርስ ነው፤ ኳርትዙን እንኳ አያልፈውም። ከዚህ የሚብሰው ግን አለባበጡ ነው። ሃርድ ክሮም የሚለበጠው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ወጣ ያለውን ጠርዝ ይወዳል፣ ጠባቡንና ጥልቁን ቦታ ይሸሻል። የክሮም ገንዳ ደግሞ በዚህ ከሁሉም ይብሳል። ስለዚህ ሮተርን ክሮም አስለብጠው ሲቆርጡት የአፉ ጠርዝ ላይ የተከመረ ክሮም ያገኛሉ፤ ዋናው መፋቅ የሚደርስበት ቦይ ውስጥ ግን ቀጭን፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሌለ ልባጥ ነው የሚያዩት። ይህን ለማስተካከል ለየሮተሩ ቅርጽ የተሠራ ውስጥ ድረስ የሚገባ አኖድ (ኤሌክትሪኩን ወደ ገንዳው የሚያስገባ ብረት) ያስፈልጋል። ሰነዱ ይህን ጠይቋል? አልጠየቀም። ልባጡ ባንድ ወገን ካመዘነስ? 10 ሚሊግራም ብቻ ቢያዘነብል በ100,000 ዙር ወደ 2 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይጎትታል፤ የሚጎትተውም በሰከንድ ከ1,600 ጊዜ በላይ እየዞረ ነው። ከዚያ ኩሽኔታው ይበላሻል፤ ኩሽኔታ ደግሞ የሚመጣው በዚያው ምንዛሪ ነው። ክሮም በሃይድሮሊክ ዘንግ ላይ ቦታ አለው፣ ማርሽም አልማዝ አያሻውም፤ እስከዚህ ድረስ ልስማማ። ሮተር ውስጥ ግን ምንም ሥራ የለውም።

የኒኬልና የአልማዙ ልባጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ዕቃው ከ85 እስከ 90 ዲግሪ በሚሞቅ፣ አሲድነቱ ፒኤች 4.6 እስከ 5 በሆነ የኒኬል ሰልፌትና የሶዲየም ሃይፖፎስፋይት ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚሆን ኒኬልና ፎስፈረስ መፍትሔው በነካው ቦታ ሁሉ እኩል ይቀመጣል፣ ቦዩን ጨምሮ። በገንዳው ውስጥ የተበተነው የአልማዝ ዱቄት እየተቀበረ አብሮ ያድጋል።

አልማዝ ሲባል ቀለበት የታያቸው እንዳሉ ይገባኛል። ይህ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ የ1954 ሥራ ጀምሮ በፋብሪካ የሚመረት ዱቄት ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። 50 ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ ላይ 20 ማይክሮን ልባጥ ቢደረግና ከይዘቱ 30 በመቶው አልማዝ ቢሆን፣ ያረፈው አልማዝ 0.1 ግራም፣ ማለትም ግማሽ ካራት ገደማ ነው። ያውም ዱቄት። ቅንጦት የተባለው ይኼ ነው! ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ተመን ለውጥ በኋላ ምንዛሪ የሚያንገበግበው ሰው መቁጠር ያለበት ሮተሩ ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ነው።

አልማዙ ክሩን ያሻክራል የሚለው ተቃውሞ ትንሽ እውነት አለው፤ መነሻው ግን የእህሉ፣ ማለትም የአልማዝ ቅንጣቱ፣ መጠን በደንብ ሳይመረጥ መቅረቱ ነው። ለሮተር ከ2 እስከ 4 ማይክሮን የሆነ ዱቄት ይበቃል። ከላዩ ጥቂት ማይክሮን ንጹሕ ኒኬል ቢደረብበት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሻካራነት ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ሰነድ ጥፋት አልማዝ መጠየቁ ሳይሆን «የአልማዝ ልባጥ» ብሎ መተዉ ነበር። እንዲህ ለተጻፈ ጨረታ አልማዝ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ኒኬልም ያሸንፋል። የእህሉ መጠን፣ የልባጡ ውፍረትና የአልማዙ ድርሻ ይጻፍ፤ ድርሻውም በይዘት ይሁን በክብደት ይለይ፤ በይዘት 30 በመቶ የሆነው በክብደት 16 በመቶ ብቻ ነውና። የሙቀት ሕክምናውም ይጻፍ። ኒኬሉ በ400 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ሲቆይ ወደ 900 ቪከርስና ከዚያ በላይ ይጠነክራል፤ ሮተሩ ግን ቀድሞ በ200 ዲግሪ አካባቢ ቴምፐር ከተደረገ (ከጠነከረ በኋላ መሰባበሩ እንዲቀንስ እንደገና ከተሞቀ) ብረት ከሆነ በዚያው ሙቀት ከሥሩ ይለሰልስና ልባጡ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ብረት በ290 ዲግሪ አካባቢ ረዘም ላለ ሰዓት ማቆየት ይሻላል። ዕቃው ገንዳው ውስጥ ካልተገለባበጠም ዱቄቱ ወደ ላይ በዞረው ገጽ ላይ ይዘቅጣል፣ ሌላው ወገን ባዶውን ይቀራል፤ ስለዚህ ምርመራው ከቦዩ ሁለት ተቃራኒ ወገኖች ናሙና ይውሰድ።

ምርመራው ራሱ ከባድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ተጫራች አንድ ሮተር ይቆረጥ፣ ይወልወል፣ በ500 እጥፍ ማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ውፍረቱም፣ እህሉም፣ ሥርጭቱም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ባሕር ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ይህን ለማየት ደስ ይላቸዋል። ማይክሮስኮፕ ከሌለ ቁራጩ ተመዝኖ ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ይግባ፤ ብረቱም ኒኬሉም ሟሙቶ አልማዙ ከሥር ይቀራል፣ ተጣርቶም ይመዘናል። ከሥር ምንም ያልቀረለት ተጫራች የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለት።