እርማት፦ «የትምህርት ኖቤል» የሚባል ሽልማት የለም

መምህር፣ «ኬንያዊው ፒተር ታቢቺ በትምህርት ጥናቱ ኖቤል ተሸለመ፤ እኛም የጎንደር መምህራን አጥንተን እናመልክት» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ምኞትዎ የእኔም ምኞት ነው። መረጃው ግን ከሰው ሰው እየተቀባበለ ስለሄደ መታረም አለበት።

ኖቤል በትምህርት ዘርፍ አይሰጥም፤ ራስን መጠቆምም አይፈቀድም። ታቢቺ በ2019 (እ.ኤ.አ.) 1 ሚሊዮን ዶላር የተሸለመው ቫርኪ ፋውንዴሽን ከተባለ በትምህርት ላይ ከሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ያውም በጥናት ሳይሆን በማስተማር ሥራው።

ነገሩ የተምታታው በዚያው ዓመት የኢኮኖሚክስ ኖቤል በድህነት ቅነሳ ላይ ላጠኑ 3 ተመራማሪዎች ስለተሰጠ ይመስለኛል። አንዱ ማይክል ክሬመር ነው፤ እሱም ከባልደረቦቹ ጋር በኬንያ ገጠር ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ ማደል ምን እንደሚለውጥ ፈትሿል። አማካይ ውጤት ከፍ አላለም፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለአብዛኞቹ ልጆች 3ኛ ቋንቋቸው ነው። አዘዞ ላይ 9ኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም፤ እንዲህ ያለ ጥናት እዚሁ ቢሠራ እንዴት ደስ ባለኝ!

ለትምህርት ጥናት ተብሎ የቆመ ትልቅ ሽልማት ከፈለጉ፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሆንግ ኮንግ የተመሠረተውን የይዳን ሽልማት ይመልከቱ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በጥናት ዘርፍ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮል ድዌክ ናት። ሽልማቱ 30 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ሲሆን ግማሹ ለተሸላሚው ቀጣይ ፕሮጀክት የሚውል ነው።