ኮዱ ቢለያይም ነጥቡ የአንድ ሰው ነው
«ኮዳቸው እስከተለያየ ድረስ አንድ ሰው በቼዝ ፕሮግራሞች ውድድር ላይ ሁለት ፕሮግራም ቢያስገባ ማንንም አይጎዳም» በሚለው አልስማማም። ችግሩ ኮዱ ብቻ አይደለም፣ ነጥቡም ነው። ሁሉም ከሁሉም በሚጋጠምበት ውድድር፣ በመጨረሻው ዙር መሪው የሚያስፈልገው ግማሽ ነጥብ፣ ማለትም አንድ አቻ ብቻ ቢሆንና ተጋጣሚው የዚያው ሰው ሌላ ፕሮግራም ቢሆን፣ ሁለተኛ ላይ ያለው ምን ተስፋ አለው? ማጭበርበር እንኳ አያስፈልግም። እኔም ትንሽ የቼዝ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ሁለት ስሪቶቼን ሳጋጥማቸው ሁለቱም ጨዋታውን 0.00፣ ማለትም እኩል ነው ብለው ይገምቱና ፈረሳቸውን ወዲያ ወዲህ እያመላለሱ አንድ ዓይነት አቀማመጥ ሦስት ጊዜ በመደጋገሙ አቻ ይወጣሉ። ከሌላ ሰው ፕሮግራም ጋር ግን እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ እኮ ለዓለም ሻምፒዮኑ ተፋላሚ በሚመረጥበት የካንዲዴትስ ውድድር የአንድ አገር ተጫዋቾችን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚያገናኘው ይሄንኑ፣ በመጨረሻ እንዳይረዳዱ ፈርቶ ነው። ቢያንስ እሱን እንኳ እንውሰድ። ራይብካ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም ጉዳይ የሚያነሳ ካለ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ራይብካ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ሻምፒዮናነቱን የተነጠቀው ክራፍቲና ፍሩት ከተባሉ የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች ኮድ ወስዷል ተብሎ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ሁለቱንም ራሱ ስለጻፈ ሰው ነው። አስርም ይጻፍ፣ ደስ ይለኛል። ለውድድር ግን የሚተማመንበትን አንዱን ይዞ ይምጣ።